ፎቶው ላይ ያለው ልጅ የባሕር ኃይል ወታደር ነው ወይስ ሌላ?

ጥያቄ (ሐምቡርጌው)፦
ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ ዕለት ሐምቡርግ ፍሎማርክት (የአሮጌ ዕቃ ገበያ) ላይ አንድ አሮጌ የፎቶ አልበም በ5 ዩሮ ገዛሁ። የፈለግኩት የቆዳ ሽፋኑን ነበር። አንዱ ፎቶ ላይ 15 ዓመት ቢሆነው ነው፣ የመርከበኛ ልብስ የለበሰ ልጅ ቆሟል። ሰፊ ኮሌታ፣ የፊት ጠርዝ የሌለው ክብ ቆብ፣ ከኋላ የተንጠለጠለ ሪባን። ከጀርባው በእርሳስ 1936 ተብሎ ተጽፏል። አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ «የሰርጓጅ መርከብ ወታደር ነው፣ ብር ያወጣል» ይላል። እኔ ግን ልጁ አነሰብኝ። የሪባኑ ጽሑፍ በድሮው የጀርመን ፊደል ስለሆነ ማንበብ አቃተኝ።

አሮጌ ሳንቲም፦
1936 ከሆነ ክሪግስማሪነ ነው፣ የናዚ ዘመን የጀርመን ባሕር ኃይል ማለቴ ነው፣ አለቀ። ባሕር ኃይሉ ይህን ስም የያዘው በ1935 ነው።

እታለም ከኪል፦
ኧረ ተረጋጋ ወንድሜ! ሪባን ያንጠለጠለ ሁሉ ባሕር ኃይል አይደለም። መጀመሪያ የቆቡን ፊት እዩ። የባሕር ኃይሉ መርከበኛ ቆብ ላይ ንስር አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ክብ ምልክት። በቀኝ ደረቱም ላይ ንስር አለ። የሂትለር ወጣቶች ማኅበር ግን ማሪነ-ሂትለርዩገንት የሚባል የራሱ የባሕር ክፍል ነበረው። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች መቅዘፍና በባንዲራ መልእክት መለዋወጥ ይማሩበት ነበር። የእነሱ ቆብ ላይ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ምልክት ነው የሚደረገው። ግራ ክንዳቸው ላይ ደግሞ መሃሉ ነጭ የሆነ ቀይ ጨርቅ አለ።
ጽሑፉን ባታነበውም ሰረዝ ፈልግ። «ማሪነ-ሂትለርዩገንት» መሃሉ ላይ ሰረዝ አለው፤ «ክሪግስማሪነ» ግን አንድ ቃል ነው፣ ሰረዝ የለውም። ደግሞ በ1936 የወታደሩ ሪባን ላይ የሚጻፈው የመርከቡ ወይም የክፍሉ ስም ነበር። «ክሪግስማሪነ» ብቻ መባል የመጣው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የመርከቦቹን ስም ለመደበቅ ነው።

ሐምቡርጌው፦
በማጉያ መነጽር አየሁት። አልማዙም ሰረዙም አለ! ሌላ ፎቶ ላይ ግን ከልጁ ጎን አንድ ጎልማሳ ቆሟል። ክንዱ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሯል። ሐዘን ላይ ነው እንዴ?

እታለም ከኪል፦
ሃሃ፣ መሃሉ ላይ ነጭ ክብና ስዋስቲካ (የናዚዎች መስቀል መሰል ምልክት) ካለ ሐዘን አይደለም። የዚያን ጊዜ ብዙ ፊልም ቀይን አያይም፣ ጥቁር አድርጎ ያወጣዋል። ልብሱ ጥቁር ሰማያዊ ከነበረ ማሪነ-ኤስአ ሊሆን ይችላል፣ ኤስአ የሚባለው የናዚ ፓርቲ ወታደር መሰል ክንፍ የባሕር ክፍል ማለት ነው። የተለመደው ኤስአ ቡናማ ነበር የሚለብሰው። በክንዱ ጨርቅ ብቻ ግን አትወስን፣ ሌላውም የፓርቲው ሰው ያስረው ነበር።
ቆቡ ራሱ እጅህ ቢገባ ውስጡን ገልብጠህ እይ። ኤር-ጼት-ኤም የሚል ምልክት ካለው የፓርቲው ዕቃ ነው። የፓርቲውን አልባሳት የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ማኅተም ነው።

አሮጌ ሳንቲም፦
እሺ፣ ተረታሁ። እኔ ጋ ያለው ፎቶ ሪባኑ «ኤስ.ኤም.ኤስ.» ብሎ ነው የሚጀምረው። የስልክ መልእክት እንዳትሉኝ ብቻ።

እታለም ከኪል፦
«የግርማዊነታቸው መርከብ» ማለት ነው። እስከ 1918 የነበረው የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ነው። ያንተ ወታደር ነው እንግዲህ።

ጠበቃው፦
ሐምቡርጌው፣ ልትሸጠው ካሰብክ አንድ ነገር ልንገርህ። በጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 86ኤ የናዚ ምልክትን በአደባባይ ማሳየት ያስቀጣል። ለታሪክ ትምህርትና ለምርምር ሲሆን ይፈቀዳል። ሻጮች ማስታወቂያ ሲያወጡ ስዋስቲካውን በወረቀት የሚሸፍኑት ለዚህ ነው።

ሐምቡርጌው፦
ልጁንና ሰውዬውን አውጥቼ ፖስታ ውስጥ ከተትኳቸው። አልበሙ የእህቴን የሠርግ ፎቶ ይይዛል።