ልጃችን በክረምቱ ዩኒቨርሲቲ ልታድር ነው፤ ምን እናዘጋጅላት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍልን የምታጠናቅቀው ልጄ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚያዘጋጀው ራይዝ በተባለው የክረምት የምርምር መርሐ ግብር ስለተቀበሏት፣ ከጁን መጨረሻ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ለስድስት ሳምንት ዶርም ታድራለች። ከቤት ርቃ ስለማታውቅ ከእናቷ ጋር ተጨንቀናል፤ በተለይ ጾሟ አሳስቦናል።

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ከሻንጣው በፊት የጤና ቅጹን ጨርሱ፤ የሐኪም ፊርማ ካስፈለገ ቀጠሮ ቶሎ ላይገኝ ይችላል። የምትወስደው መድኃኒት ካለ ስሟ በተጻፈበት የፋርማሲ ብልቃጥ ይሁን። የዶርም ፍራሽ ብዙውን ጊዜ 80 ኢንች ስለሚረዝም፣ ለ75 ኢንች ፍራሽ የተሠራው የቤት አንሶላ ጫፉ እየተነሣ ያስቸግራታል።

መልስ 2፦ የሰኔ ጾም ሐምሌ 5፣ ማለትም ጁላይ 12 ይፈታል፤ ፍልሰታም ነሐሴ 1፣ ኦገስት 7 ስለሚገባ፣ ከረቡዕና ዓርብ ሌላ ጾም የሚያገኛት በቆይታዋ መጀመሪያና መጨረሻ ብቻ ነው። በመመገቢያ አዳራሽ ቪጋን፣ ማለትም ከእንስሳት የተገኘ ነገር የሌለበት፣ የሚል ምልክት ያለበትን ትምረጥ፤ ቬጀቴሪያን የሚለው ወተትና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። እኔ ለልጄ በሶ በጣሳ አሲዤው ነበር፤ ማታ ሲርበው በውኃ በጥብጦ ይጠጣል።

መልስ 3፦ በመልስ 2 እህታችን ያሉት ትክክል ነው። ቤተ ሙከራ የምትገባ ከሆነ ረጅም ሱሪና ድፍን ጫማ አይረሳ። ልብሷን ራሷ ማጠብንም ከአሁኑ ትልመድ።