ያላየሁትን አገር ብወድ ምን አለበት?

የአራት ኪሎዋ፦ ዛሬ ቡና ላይ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተጨቃጭቀን ነው የመጣሁት፤ እስቲ ፍረዱኝ። ጃፓን ጃፓን ማለት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ፊደላቸውን በስልኬ ተማርኩ። ሂራጋናው 46 ነው፤ እንደኛው ካ፣ ኪ፣ ኩ እያለ ይሄዳል። ሀሁ ለቆጠረ ሰው ቀላል ነው፣ ከቻይና የወሰዱት ፊደል፣ ካንጂው፣ ግን ፈጀኝ። ቦሌ ኤርፖርትን የማውቀው ሰው ስሸኝ ብቻ ነው። ልጁ ምን አለኝ? «ላሊበላን ሳታዪ ኪዮቶ ኪዮቶ ትያለሽ፤ ይሄ የአእምሮ ቅኝ ግዛት ነው።» ነው እንዴ?

የለገሃሩ፦ እኔ ከልጁ ጋር ነኝ። አንቺ የወደድሽው ስክሪን ነው። አገር ማለት ኪራዩም፣ አለቃውም፣ ብርዱም ጭምር ነው። የአክስቴ ልጅ ዱባይን እንዲሁ ነበር የምትወደው። ፎቆቹን አልጋዋ አናት ላይ ለጥፋ ነበር የምትተኛው። ሄደች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው ቤት ማድ ቤት አልወጣችም። ፎቆቹን ያየችው ወደ አገሯ ስትመለስ በመኪና መስኮት ነው።

የሜክሲኮዋ፦ ልጅቷ ታሳዝናለች። ግን እሷን የወሰዳት ችግር እንጂ ፖስተር አይደለም፤ አትቀላቅለው። ደግሞ የእኔን ሰፈር ስም እየው። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች ነው አደባባዩ በስሟ የተጠራው። እነሱም ዋና ከተማቸው ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አላቸው። እዚያ ከሚወርዱት ውስጥ እኛን ያየ ስንት አለ? ወያላው «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው!» ሲል ቪዛ የጠየቀው የለም።

የለገሃሩ፦ ያ ውለታ ነው። እሷ የምታወራው ስለ ፍቅር ነው።

የዶሮ ማነቂያው፦ ልጆች፣ ይሄ ጭቅጭቅ ከእናንተ አልጀመረም። ዓድዋ በ1888 ነው። በ1897 ጃፓን ሩሲያን ስታሸንፍ የእኛም ምሁራን ልባቸው ወደዚያ ሸፈተ። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የተማረው አውሮፓ ነው፤ አርአያ ያደረገልን ግን ጃፓንን ነው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ከጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ቀድቷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ እንኳ በ1924 ሄደው በዓይናቸው አይተዋል፤ የሚበዛው ግን የወደዳት በወሬ ነው። ከዚያስ? ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ዓመት ሳይሞላው፣ በ1929፣ ያቺው ጃፓን ወረራውን ተቀበለች። እና የኔ ልጅ፣ ውደጂ፤ ከልካይ የለሽም። ብቻ ትወደኛለች ብለሽ እንዳትጠብቂ።

የአራት ኪሎዋ፦ ጋሼ፣ የ1929ኙን አላውቅም ነበር። ስምንት ዓመት ተከታትዬ ይሄን አለማወቄ አናደደኝ። ላሊበላን ግን ንቄ አይደለም። ኪራይ ከፍዬ የሚተርፈኝ ለትኬት አይበቃም። ኪዮቶ በቢሮ ዋይፋይ ትመጣለች፣ ላሊበላ መሄድ ደግሞ ብር ይፈልጋል። አንድ ነገር ልጨምር። የኪዮቶን የድሮ የእንጨት ቤቶች በቪዲዮ አይቼ ነው የፒያሳን የእንጨት በረንዳዎች ቀና ብዬ ማየት የጀመርኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ በሥራቸው አልፋለሁ፤ አይቻቸው ግን አላውቅም ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ሲፈርስ ስልኬ ላይ 60 ፎቶ ነበረኝ።

የለገሃሩ፦ ፒያሳን ለማየት በኪዮቶ መዞር ነበረብሽ? እኔስ ምን አልኩ!

የአራት ኪሎዋ፦ እሺ፣ እሷን ወስደሃል። አንተ ግን የለገሃር ልጅ ነህ። የባቡር ጣቢያውን አንድ ፎቶ አንስተህ ታውቃለህ?

የለገሃሩ፦ ...

የሜክሲኮዋ፦ ዝም አለ! ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ።

የዶሮ ማነቂያው፦ ቆይ፣ 60 ነው ያልሽው? እኔ አሁን የምኖረው ሩቅ ነው፤ የቤታችን ፎቶ ግን የለኝም። ያኔ ማን ያነሳል፣ ቤቱ የሚሄድ አልመሰለን። ሰማያዊ መዝጊያ ነበረው፣ ደረጃው ሲረግጡት ይንቋቋ ነበር። ቅዳሜ 4 ሰዓት ከምኒልክ ሐውልት ሥር እጠብቅሻለሁ። ቡናው በእኔ ነው። ስልክሽን ቻርጅ አድርገሽ ነይ።