የእድራችን የመልእክት ሰርቨር፦ በየትኛው መንገድ እንላክ?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መርዶ ለአባላት ስልክ የሚልክ የራሳችን ሰርቨር (መልእክት ተቀብሎ የሚያከፋፍል ኮምፒውተር) ይኑረን ብለን ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ክፍል ብቻ ቀርቶታል። ሰርቨሩና የአባላት ስልክ በምን መንገድ ይነጋገሩ? እስከ እሁድ እንጨርስ። «ቴሌግራም እያለ ለምን?» የሚለውን ባለፈው ዘግተነዋል። የቀብር ሰዓቱ ራሱ በ«እንደምን አደራችሁ» ፎቶ ሥር እየተቀበረ ነው።

ወጣት አባል፦ ዳታ በኔትወርክ ከሚላክባቸው ደንቦች፣ ከዩዲፒና ከቲሲፒ፣ እኔ ዩዲፒ ይሁን እላለሁ። ቀላል ነው። ራስጌው፣ ማለትም በሚላከው ዳታ ፊት የሚለጠፈው መግለጫ፣ 8 ባይት (ባይት ትንሽ የዳታ መለኪያ ነው) ብቻ ነው፣ የቲሲፒ ቢያንስ 20 ነው። ግንኙነት መክፈት የለ፣ መዝጋት የለ። ልኮ መገላገል።

የእድሩ ዳኛ፦ ልጄ፣ በአማርኛ አስረዳኝ እስቲ።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ዩዲፒ ማለት የእኛ ጡሩምባ ነፊ ነው። ነፍቶ ያልፋል። የሰማ ሰማ፣ ያልሰማ ቀረበት፤ ተመልሶ «ሰማችሁ ወይ?» አይልም። ቲሲፒ ግን በር አንኳኩቶ «አቤት» እስኪሉት ይቆማል። ዝም ካሉት እንደገና ያንኳኳል። ሁለት ነገር ከያዘም ቅደም ተከተሉን አያዛባም።

ዳኛ፦ እንግዲያው ለመርዶ ሁለተኛው ነው የሚሻለው።

ወጣት አባል፦ እሺ፣ ተረታሁ። ለድምፅ ጥሪ ቢሆን ግን አልለቅም ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ የምፈራው ዳታውን ነው። ስልኩ ራሱ በየ10 ሴኮንዱ «አዲስ ነገር አለ?» እያለ ቢጠይቅስ? ነገሩ ይቀልላል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጸሐፊ፦ እትዬ፣ እናስላው። በቀን 8,640 ጊዜ ይጠይቃል ማለት ነው። ጥያቄና መልሱ አንድ ላይ ግማሽ ኪሎባይት ቢሆን፣ በቀን ከ4 ሜጋባይት በላይ፣ በወር ወደ 130 ሜጋባይት ይሄዳል። ያውም ማንም ሳይሞት።

ገንዘብ ያዥ፦ በስመአብ! ተዉት።

ፕሮግራመሯ አባል፦ በቲሲፒ ከተስማማን ትልቁ ጣጣ ገና ነው። ቲሲፒ «መልእክት» የሚባል ነገር አያውቅም። እንደ ቧንቧ ውኃ ባይት ያወርዳል እንጂ አንዱ የቱ ጋ እንዳለቀ አይነግርህም። ሁለት መልእክት ተጣብቆ ሊመጣ ይችላል፣ አንዱም ለሁለት ተከፍሎ። ስለዚህ በየመልእክቱ ፊት ርዝመቱን መጻፍ ግድ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጉድ የሠራን ይኼ ነው። ርዝመቱን በፊደል ቆጠርን። በእንግሊዝኛ ስንሞክረው ሰተት ብሎ ሄደ። «ሰላም» ስንል ተቆረጠ! ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ-8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» 3 ፊደል ነው፣ ግን 9 ባይት። ሰርቨሩ 3 ባይት አንብቦ «ሰ» ብሎ አቆመ። ከተረፈው «ላም» ላይ ደግሞ የሚቀጥለውን መልእክት ርዝመት ሊያነብ ሞከረ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ዝብርቅርቅ ነው።

ወጣት አባል፦ ያችን ቅዳሜ አታስታውሺኝ።

ፕሮግራመሯ፦ ስለዚህ የራሳችንን ሥርዓት አንፍጠር። ኤምኪውቲቲ የሚባል የታወቀ የመልእክት መላላኪያ ደንብ አለ። በ1999 እንደ ፈረንጆቹ፣ የነዳጅ ቧንቧን በሳተላይት ለመከታተል የተሠራ ነው። ደካማ መስመርና ውድ ዳታ ታስቦበታል፤ የእኛው ጉዳይ ነው እኮ። የሚሄደው በቲሲፒ ላይ ነው፣ ርዝመቱን ራሱ በባይት ይቆጥራል። ሞስኪቶ የሚባል ነፃ ሰርቨር አለው (አዎ፣ እንደ ትንኟ)። በትክክል ካዋቀርነው፣ ስልኩ ተዘግቶ ለዋለ ሰው መልእክቱን ይዞ ይጠብቀዋል።

አላላኩ ደረጃ አለው። ደረጃ 1 «ቢያንስ አንድ ጊዜ» ያደርሳል፤ አንዳንዴ ይደግማል።

ዳኛ፦ መርዶ ሁለት ጊዜ? ይኼማ ነውር ነው። ሌላ ሰው የሞተ መስሎት የሚደነግጥ አይጠፋም።

ፕሮግራመሯ፦ ልክ ነዎት ጋሼ። ደረጃ 2 አንድ ጊዜ ብቻ ያደርሳል፣ ግን ምልልሱ ይበዛል። እኔ በደረጃ 1 ሆነን ለየመልእክቱ ቁጥር እንስጥ ባይ ነኝ። ስልኩ አንዴ ያየውን ቁጥር ሁለተኛ አያሳይም።

ወጣት አባል፦ አንድ ነገር ተረስቷል። የሞባይል መስመር ዝም ያለ ግንኙነትን ሳይናገር ይቆርጣል። ሊኑክስ (ሰርቨር ኮምፒውተሮች የሚሠሩበት ሥርዓት) «አለህ?» እንዲል ቢታዘዝ እንኳ፣ በራሱ ልማድ የሚለው ከ2 ሰዓት ዝምታ በኋላ ነው። እስከዚያ ቀብሩ አለቀ። በየ5 ደቂቃው ምልክት እንዲላላኩ እናድርግ።

ፕሮግራመሯ፦ ይሁን፣ ግን ብቻውን አይበቃም። አንድሮይድ ከ6.0 ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክን ያስተኛዋል፣ ኔትወርኩንም ይዘጋበታል። ለመቀስቀስ የጎግልን የማሳወቂያ አገልግሎት መጠቀም አለብን። የራሳችን ሰርቨር ካለን ከሰው እጅ ነፃ እንሆናለን ያላችሁ፣ ይቅርታ።

ጸሐፊ፦ እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፦ «ግንኙነቱ በቲሲፒ ላይ በሚሄድ ኤምኪውቲቲ፣ ደረጃ 1፣ በቲኤልኤስ (በመመስጠሪያ ደንብ) ተመስጥሮ በፖርት (በሰርቨሩ በር ቁጥር) 8883 ይሁን። እያንዳንዱ መልእክት ቁጥር ይኑረው። ለተኙ ስልኮች የጎግል ማሳወቂያ ይጨመር። ሙከራው ሁሉ በአማርኛ ጽሑፍ ይደረግ።» የሰርቨሩን ወርሃዊ ኪራይ እትዬ ይሙሉበት።

ገንዘብ ያዥ፦ እሞላለሁ። ጡሩምባ ነፊውስ? ደመወዙ ከመዝገቡ ይውጣ?

ዳኛ፦ ኧረ በፍጹም! በእኔ ሰፈር ብቻ ስማርት ስልክ የሌላቸው ስንት እናቶች አሉ። «ጡሩምባው እንዳለ ይቀጥላል» ብለህ ጨምርበት።

ጸሐፊ፦ ጨምሬዋለሁ።