የፕላስቲክ ጥሩር ለመጀመሪያ ጊዜ ልገጣጥም ነው፤ መቁረጥ ከየት ይጀመራል?

የኮዬዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ የጠፈር ወታደር ጥሩር በሻንጣ ይዞልኝ መጣ። ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ እንዳይመስላችሁ። ነጭ የኤቢኤስ ፕላስቲክ ነው፣ በሙቀት ለስልሶ ቅርጽ የወጣለት፣ ዙሪያው ገና ያልተቆረጠ። ደረት፣ ጀርባ፣ ሆድና ትከሻ አለ። ክንዱ፣ ጭኑና ቅልጥሙ የፊትና የኋላ ግማሽ ሆነው ነው የመጡት። ራስ ቁሩም እንደዚያው። መመሪያ የሚባል ነገር የለውም፣ ወንድሜም ተመልሶ ሄዷል።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ዎርክሾፕ የለኝም፣ ያለኝ የምግብ ጠረጴዛና በረንዳ ነው። ከመሣሪያ ከተር፣ የልብስ መቀስና ብርጭቆ ወረቀት አለ። መብራቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ለግቢው ልጆች የገና ፕሮግራም ልለብሰው ነው ያሰብኩት።

ትልቁ ጭንቀቴ ቁመት ነው። 1 ሜትር ከ62 ነኝ፣ ይሄ ነገር ግን ለረጅም ወንድ የተሠራ ነው። የጭኑን ቁራጭ እግሬ ላይ ሳስጠጋው ጉልበቴን አልፎ ይወርዳል። ከየት በኩል ነው የሚያጥረው? ሙጫስ እዚህ አገር ከሚገኘው የትኛው ይሻላል? ደግሞ ኢንተርኔት ላይ «የፈላ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ይታጠፍላችኋል» ይላሉ። ነከርኩት። ንቅንቅ አላለም። ፕላስቲኩ ሌላ ዓይነት ይሆን?

ባትላሜራው

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። እኔ ገላን አካባቢ የሞተር ሳይክል ፕላስቲክ እጠግናለሁ። የሞተር ሽፋን አብዛኛው ያው ኤቢኤስ ስለሆነ ጸባዩን አውቀዋለሁ፣ ጥሩር ግን ሠርቼ አላውቅም፣ ስለዚህ ስለ ፕላስቲኩ ብቻ ነው የምነግርሽ።

መጀመሪያ የልብስ መቀሱን ወደ ቦታው መልሺው። ቀጥ ያለ መስመር ላይ ከተሩን ብረት ማስመሪያ አስደግፈሽ ቀስ ብለሽ ደጋግመሽ አስኪጂው፣ እስከ ታች እንዲቆርጥ አትታገዪ። ግማሽ ያህል ከገባ በኋላ በፒንሳ ይዘሽ ወደዚህና ወደዚያ ስታጥፊው በመስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይሰበራል። ለኩርባው ቦታ አጭርና ጎበጥ ያለ ጠንካራ መቀስ ፈልጊ። ስትቆርጪበት አፉን እስከ መጨረሻው አትዝጊው፣ ፕላስቲኩ የሚሰነጠቀው የመቀሱ ጫፍ ሲገጥም ነው። ከዚያ ጠርዙን በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ240፣ መጨረሻ ላይ በ400 ውሃ እያስነካሽ ፈግፍጊው። ሞረድ ካገኘሽ ደግሞ ስንት ሰዓት ያተርፍልሻል።

ወደ ሙጫው ስንመጣ ሰው ሁሉ ሱፐር ግሉ ይልሻል። ይይዛል፣ ወዲያው ነው የሚይዘው፣ ግን ደረቅ ነው። ጭንና ቅልጥም ስትራመጂ ሁሌ ይተጣጠፋል፣ ሱፐር ግሉ ደግሞ መተጣጠፍ አይወድም። አንድ ቀን ልጆቹ ፊት ቋ ብሎ ይለቅሻል። ማስቲሽ የተሻለ ይለጠጣል፣ ነገር ግን ሟሟው ቀጭን ኤቢኤስን ሊበላው ስለሚችል ቁርጥራጭ ላይ ሳትሞክሪ ጥሩሩ ላይ እንዳትቀቢው። ውጭ አገር ያሉት የሚጠቀሙት ኢ6000 የሚባለውን ነው፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ ስለሚሆን አይሰነጠቅም። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይፈልጋል፣ በታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ከዚያም ሊቆይ ይችላል። የሚመጣ ሰው ካለሽ አንድ ቱቦ አስመጪ።

ከምትቆርጪው ፍርፋሪ አንድም እንዳትጥዪ። አሴቶን ጠርሙስ ውስጥ ጨምረሽ ክዳኑን ገጥመሽ ብታሳድሪው ወፍራም ቅባት ይሆናል። ስንጥቅ ይደፍናል፣ ከውስጥ ማጠናከሪያም ይሆናል፣ ሲደርቅ ራሱ ኤቢኤስ ነው። ሲደርቅ ስለሚኮማተር በስሱ ደረብ ደረብ እያደረግሽ ቀቢ። የመኪና ስቱኮ ግን ለዚህ አይሆንም፣ የሚተጣጠፍ ስስ ነገር ላይ ይፈረካከሳል።

መርፌና ክር

ባትላሜራው ያለው ልክ ነው፣ ግን እኔ ቅደም ተከተሉን ልገልብጠው። ሙጫ የመጨረሻ ነገር ነው። እኔ ለገጣፎ የመድረክ ልብስ ነው የምሰፋው፣ ለትምህርት ቤት ድራማ የካርቶንና የፕላስቲክ ጥሩር ሠርቻለሁ። የሚያምርና የማያምር ጥሩር የሚለየው በሰውነት ላይ በመቀመጡ ነው፣ የሙጫው ዓይነት ተመልካች አይታየውም።

የኔ ቆንጆ፣ መጀመሪያ ከውስጥ የምትለብሺውን ጥቁር ጠበቅ ያለ ልብስና የምትጫሚውን ጫማ አድርጊ። ያለ እሱ የተለካ ልኬት ሁሉ ውሸት ነው። ከዚያ ቁራጮቹን በወረቀት ፕላስተር ብቻ ሰውነትሽ ላይ አያይዣቸው። ተራመጂ። ደረጃ ውጪ፣ ውረጂ። እጅሽን ወደ ላይ አንሺ፣ ልጅ እንደምታቅፊ ጎንበስ በይ። የት እንደሚነክስሽ ያኔ ታውቂዋለሽ። የነከሰሽን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጊና ከዚያ ላይ ትንሽ ቁረጪ፣ እንደገና ልበሺ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ፕላስቲክ አንዴ ከተቆረጠ ጨርቅ አይደለም ቅጥያ አይገባለትም።

ስለ ቁመቱ፣ ጭኑን ከላይ በኩል አሳጥሪው። የታችኛው ጫፍ የሚታይ ቅርጽ አለው፣ የላይኛው ግን ከሆዱና ከዳሌው ቁራጭ ሥር ስለሚገባ ማንም አያየውም። ቅልጥሙ ከጉልበትሽ ኋላ ስትቀመጪ የሚወጋሽ ከሆነ ኋላውን ብቻ በግማሽ ክብ አጉድዪለት፣ ፊቱን አትንኪው። ሆዱ ሲረዝምብሽ ደረቱ ከላይ ስለሚደርበው የሆዱን የላይኛ ጠርዝ ቁረጪ። የእጅ አንጓው ጋ ወደ ውስጥ የታጠፈ ከንፈር ካለ ሙሉ በሙሉ አንሺው፣ እሱ ካለ እጅሽ አያልፍም፣ ቢያልፍም ይልጥሻል።

ስፋቱን ስታጠቢ ደግሞ ከሁለቱም ግማሽ እኩል እኩል ቀንሺ። ብዙ ሰው ትርፉን ከአንድ በኩል ብቻ ይቆርጥና መጋጠሚያው ወደ ፊት ዞሮ ይታያል። እግርሽ ዙሪያ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፣ ከዚያ ካነሰ ስትራመጂ ይጨብጥሻል። ሁለቱን ግማሾች አትደራርቢያቸው። ጫፍ ለጫፍ አግጥመሽ ከላይ ጠፍጣፋ የኤቢኤስ ቁራጭ ለጥፊባቸው። ለክንድ 15 ሚሊ ሜትር፣ ለእግር ፊት 20፣ ለእግር ኋላ 25 ስፋት ይበቃል። ሁለቱን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አሻክሪ፣ በአልኮል ጥረጊ፣ ከዚያ ነው ሙጫው። እስኪደርቅ የሚይዝልሽ ማግኔት ከተበላሸ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ይወጣል፣ ጠንካራ ስለሆነ ጣትሽን ተጠንቀቂ።

ማሰሪያው ላይ አትቆጥቢ። መርካቶ ቦርሳ ሰፊዎቹ የሚጠቀሙበት የናይለን ጥብጣብ አለ፣ እንደ ጃኬት ጠቅ የሚለው የብረት ቁልፍም እዚያው ይገኛል። ደረትና ጀርባ በትከሻ በጥብጣብ ይያያዛሉ፣ ክንዶቹ ደግሞ በላስቲክ። ጭኑ ግን ብቻውን አይቆምም፣ ሁለት እርምጃ ሳትሄጂ ጉልበትሽ ላይ ይወርዳል። ከውስጥ ቀበቶ ታጠቂና ከዚያ ላይ አንጠልጥዪው።

ቀዝቃዛው ሱሉልታ

የውሃውን ነገር ማንም አልመለሰላትም። እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እህቴ ፕላስቲክሽ ደህና ነው። ኤቢኤስ በደንብ የሚለሰልሰው ወደ 105 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ባሕር ዳርቻ ከተማ ያለ ሰው ውሃው በ100 ዲግሪ ስለሚፈላለት ትንሽ ታግሎ ያጥፈዋል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ነው፣ ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እዚህ ሱሉልታማ ከዚያም ያንሳል። ምድጃውን ብታቀጣጥዪው ከዚያ በላይ አይሞቅም፣ እንፋሎቱ ብቻ ነው የሚበዛው። ጨው ጨምሩበት የሚል ሰውም ይመጣል። ለወጥ የሚሆን ጨው አንድ ዲግሪ እንኳ አያነሳውም።

ስለዚህ ከውሃ ይልቅ ሞቃት አየር ተጠቀሚ። ፀጉር ቤት ያለው ማድረቂያ ለትንሽ ማስተካከያ ይረዳል፣ ለትልቁ ግን የቀለም መላጫ የሞቃት አየር መሣሪያ ተከራዪ። አንድ ቦታ ላይ አታቁሚው፣ እያዟዟርሽ። ከበዛበት ቅርጹ ራሱ ይጠፋል። ሲለሰልስ ፎጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ላይ አጥፈሽ እስኪበርድ ያዢው፣ ከለቀቅሽው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ጓንት አድርጊ።

አሴቶኑን በተመለከተ ባትላሜራው አንድ ነገር ዘለለ። መብራት ሲጠፋ ሻማ አብርተሽ፣ ወይም ቡና እየተፈላ አጠገቡ ከሰል ባለበት እንዳትከፍቺው። ትነቱ እሳት ይስባል። በረንዳ ላይ፣ ቀን፣ ጨረስሽ።

ባትላሜራው

@ቀዝቃዛው ሱሉልታ ልክ ነህ መምህር፣ እኔ ጋራዡ ክፍት ስለሆነ ነው ያልታሰበኝ 😄 ሱፐር ግሉ የምትጠቀሚ ከሆነም በበጋ ደረቅ አየር ቀስ እንደሚል እወቂ፣ የሚይዘው የአየሩን እርጥበት ስቦ ነው።

ታናሽ ወንድም

አሜሪካ ወንድም የሌለንስ? ቢጫ ጀሪካን ሞልቷል ሰፈር፣ እሱን ቆርጦ መሥራት አይቻልም?

ባትላሜራው

ጀሪካን ይቆረጣል ግን ፖሊኤትሊን ነው፣ ሙጫም ቀለምም አይዘውም። ታችኛው ላይ ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር ካየህ እሱ ነው። በብሎንና በሪቬት ብቻ የምታያይዘው ከሆነ ይሁንልህ። ለመጀመሪያ ግን የውሃ መስመር ፒቪሲ ቱቦ ይሻልሃል። ወፈር ያለውን በሴጌቶ ርዝመቱን ሰንጥቀህ ስታሞቀው ተዘርግቶ ጠፍጣፋ ሉህ ይሆናል። ፒቪሲ ወደ 80 ዲግሪ ላይ ስለሚለሰልስ የኛ ውሃ እንኳ ይበቃዋል፣ መምህሩ ይመስክር። ብቻ እሳት ላይ አታስነካው፣ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ አሲድ አለው፣ ሳንባ ይጎዳል። ቁርጥራጭ ቱቦ ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ጠይቅ፣ ምናለሽ ተራም አይጠፋም።

የኮዬዋ

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቁመቱን በተመለከተ ትልቅ ሸክም ነው ያወረዳችሁልኝ። ዛሬ በወረቀት ፕላስተር ለብሼ ኮሪደሩ ላይ ተራመድኩ፣ ጎረቤቴ እማማ በሩን ከፍተው አይተውኝ መልሰው ዘጉት። ሁለት ነገር ልጨምር። ራስ ቁሩ ውስጥ ትንፋሼ የዓይኑን ፕላስቲክ ያጨልመዋል። ሌላው፣ ፕሮግራሙ ያለው ከኛ ብሎክ ራቅ ያለ አዳራሽ ነው፣ ለብሼ ነው የምሄደው ወይስ እዚያ ልልበስ?

መርፌና ክር

እዚያ ልበሺ። ለብሰሽ ታክሲ ውስጥ መቀመጥም አትችዪም፣ የሆዱና የጭኑ ቁራጭ አያስቀምጥሽም። አንድ አልባሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ብቻሽን የጀርባውን ቁልፍ አትደርሺበትም። ከታች ጀምሪ፦ ጫማ፣ ቅልጥም፣ ጭን፣ ከዚያ ሆድና ደረት፣ ክንድ፣ ራስ ቁሩ መጨረሻ። ከመልበስሽ በፊት መጸዳጃ ቤት ግቢ። ውሃ በስትሮ ጠጪ፣ ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ሙቀት ቀላል አይደለም። የአሻንጉሊት ጠመንጃ የምትይዢ ከሆነ ደግሞ በከረጢት ጠቅልዪው፣ ከሩቅ አሻንጉሊት መሆኑን ማን ያውቅልሻል? ለግቢው ጥበቃዎችም አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ቀዝቃዛው ሱሉልታ

ለዓይኑ፣ ከውስጥ በኩል የሳሙና ጠብታ ቀብተሽ በደረቅ ጨርቅ እስኪጠራ ጥረጊው። ለአንድ ፕሮግራም ይበቃል። ከዚያ በላይ ከፈለግሽ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣች ትንሽ ማራገቢያ አገጩ ጋ አስገቢና በፓወር ባንክ አስነሻት። አብዛኛዎቹ የ5 ቮልት ናቸው፣ ግን ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን ሳታዪ እንዳትሰኪ።