«ክልክል ነው» ልበል ወይስ «አይፈቀድም»?

ድሬዳዋ ከዚራ ትንሽ ሻይ ቤት አለችኝ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቆርቆሮ ማስታወቂያ ለሚጽፈው ልጅ ሰጥቻለሁ፤ እሱም ቃሉን ብቻ እየጠበቀ ነው።

«ማጨስ ክልክል ነው» የሚለው አላስቸገረኝም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስላለ ማንም አይከራከርም። ጭንቁ ጫቱ ነው። ጫትን የከለከለ ሕግ የለም፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ፣ ገራባ መጥረግ ሰልችቶኝ።

መጀመሪያ በካርቶን «ጫት መቃም ክልክል ነው» ብዬ ለጠፍኩ። አንዱ ደንበኛ «ማነው የከለከለው፣ መንግሥት ነው?» ብሎ ቤቱን አሳቀው። እውነቱን ነው፤ «ክልክል» ከልካዩን አይናገርም፣ ሰሚው ግን ወዲያው ፖሊስ ይታየዋል። ወደ «እባክዎ ጫት አይቃሙ» ቀየርኩት፤ ልመና መስሏቸው በትህትና እያመሰገኑኝ ቃሙ! «አይቻልም» በአፍ ሲሉት ደህና ነው፣ ተጽፎ ሳየው ግን ቁጣ ይመስለኛል። «የታገደ» ካልኩ ደግሞ ድሮ ይፈቀድ የነበረ ያስመስላል (የድሬ ልጅ ይህችን ካገኘ አይለቀኝም)።

«በዚህ ቤት ጫት መቃም አይፈቀድም» ብዬ ባስጽፍ፣ አንባቢው የቤቱ ደንብ መሆኑን ይረዳል ወይስ ይሄም እንደ «ክልክል» የመንግሥት ትእዛዝ ይመስላል?