ክርክር፦ ቴክኖሎጂ ለውጭ ይሸጥ አይሸጥ ሲወሰን የስለላ ተቋማት ቃል የት ድረስ ይሂድ?

ዘአራዳ (የክርክሩ ከፋች)

ወገኖቼ፣ ለሲቪል ሥራም ለጦርነትም ሊውል የሚችል ማሽን፣ ቺፕ ወይም ዕውቀት ለውጭ አገር ይሸጥ ወይስ አይሸጥ የሚለውን ለመወሰን መንግሥት የስለላ ተቋማቱን ቃል ምን ያህል መስማት አለበት? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ወደ ቻይና በሚላኩ የላቁ ቺፖችና በማምረቻ መሣሪያዎቻቸው ላይ ደንብ ካወጣች ወዲህ የሚጻፈውን ለሚያነብ ሰው ነገሩ ትናንት የተጀመረ ይመስለዋል። ክርክሩ ግን የቆየ ነው፤ ስለዚህ መዝገቡ በሚገባ ከተገለጠ ከአንድ ጉዳይ ልነሣ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ምዕራባውያን አገሮችና ጃፓን ለሶቪየት ኅብረትና ለአጋሮቿ የሚሸጠውን ዕቃ የሚያጣሩበት ኮኮም የሚባል ኮሚቴ ነበራቸው። ጽሕፈት ቤቱ ፓሪስ ሲሆን፣ በውል ስምምነት ያልታሰረና አባላቱ ሁሉ ካልተስማሙ በቀር ምንም የማይወስን ነበር። የቶሺባ ቅርንጫፍ የሆነው ቶሺባ ማሽን ይህን አጥር አልፎ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ግዙፍ የመርከብ ፕሮፔለር መቁረጫ ማሽኖችን ሌኒንግራድ ለሚገኘው የባልቲክ መርከብ መሥሪያ ሸጠ። ማሽኖቹ ባለ ዘጠኝ አክሲስ፣ ማለትም በዘጠኝ የእንቅስቃሴ አቅጣጫ የሚሠሩ ነበሩ፤ የሚያዛቸውን የኮምፒውተር መቆጣጠሪያ ያቀረበው ደግሞ የኖርዌይ መንግሥት ኩባንያ የነበረው ኮንግስበርግ ነው። ለጃፓን የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር የቀረበው የፈቃድ ማመልከቻ ግን ዕቃው በሁለት አክሲስ ብቻ የሚሠራ ቶርኖ ነው ይል ነበር።

ይህን ያወጣው ሰላይ አይደለም። ሽያጩን ያገናኘው የዋኮ ኮኤኪ የንግድ ድርጅት የሞስኮ ሠራተኛ የነበረው ኩማጋይ በ1985 መጨረሻ ለኮኮም ደብዳቤ ጻፈ። ሚኒስቴሩ ኩባንያውን ጠየቀ፤ ኩባንያው ካደ፤ ሚኒስቴሩም ክህደቱን ተቀብሎ መዝገቡን ዘጋ። ነገሩ በአሜሪካ ግፊት እንደገና ተቀስቅሶ ሰዎች የታሰሩት በ1987 ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ፣ መረጃው በየፊናው እያለ አንድ ጠረጴዛ ላይ አለመገናኘቱ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የስለላ ሰዎች የሶቪየት ባሕር ሰርጓጆች ድምፅ እየቀነሰ መሄዱን ይሰሙ ነበር፤ የንግድ ሚኒስቴሩ ጸሐፊ ደግሞ የፈቃድ ወረቀቱን ይዞ ነበር። ሁለቱ ባለመነጋገራቸው ማሽኑ ተሻገረ። ስለዚህ የስለላ ተቋማት በፈቃድ ሰጪው ጠረጴዛ ዙሪያ ቋሚ ወንበር ሊኖራቸው ይገባል እላለሁ።

ፍሬዛ ሠሪው (ሽቱትጋርት)

ወንድሜ ዘአራዳ፣ ማሽኑ ለምን ይህን ያህል እንዳስፈራ ለማያውቁ ወገኖች ከሙያዬ አንጻር ላስረዳ። ፕሮፔለር በውኃ ውስጥ በፍጥነት ሲሽከረከር ከክንፉ ጀርባ ግፊቱ ይወርድና ውኃው ሳይሞቅ አረፋ ያወጣል፤ አረፋው ተመልሶ ሲፈነዳ የሚሰማው ድምፅ ከሩቅ በሶናር፣ በውኃ ውስጥ ድምፅ በሚያዳምጥ መሣሪያ፣ ይያዛል። የክንፉ ቅርጽ በትክክል ከተቆረጠና ገጹ ከለሰለሰ አረፋው የሚጀምረው ዘግይቶ፣ ከፍ ባለ ፍጥነት ነው።

እኔ ራሴ ባለ ሦስት አክሲስ ፍሬዛ (ብረት እየቆረጠ ቅርጽ የሚያወጣ ማሽን) ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ጠመዝማዛ ክንፍ በእርሱ ሲሠራ ብረቱን ፈትቶ፣ አዙሮ እንደገና ማሰር ግድ ነው፤ በታሰረ ቁጥርም ጥቂት ስሕተት ይጨመራል። መቁረጫው ያለፈበትን መስመር በዓይን ባያዩት እንኳ ጥፍርዎን በገጹ ላይ ሲጎትቱ ይይዝዎታል፤ ያን ጉብታ በእጅ መፍጫ ሲያስተካክሉ ደግሞ ልኩ ይዛባል። አምስት አክሲስ አብረው ሲንቀሳቀሱ ግን መቁረጫው ገጹን እየተከተለ ይዘነበላል፤ ጥፍሩ የሚይዘው ነገር አያገኝም።

እዚህ ላይ የፈቃድ ሰጪው ችግር ይታያል። ማሽኑ በስንት አክሲስ እንደሚሠራ የሚወስነው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ መቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው ፕሮግራምም ነው። በወረቀት ላይ የተዘጋው አክሲስ በኋላ በቁልፍ ሊከፈት ይችላል። አንዳንድ የዛሬ ማሽኖች ከተተከሉበት ቦታ ሲነሡ ራሳቸውን የሚቆልፉበት መሣሪያ የተገጠመላቸው፣ አምራቹ ካልከፈታቸውም የማይሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ገዢው በእርግጥ ማን እንደሆነና ማሽኑ ነገ የት እንደሚያድር ግን ከወረቀቱም ከብረቱም አይነበብም፤ ያንን ሊያውቅ የሚችለው የመረጃ ሰው ነው። ስለዚህ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ።

አንባቢ ከኦስሎ

ሁለታችሁንም በአክብሮት እቃወማለሁ። የቶሺባ ታሪክ እናንተ ያቀረባችሁትን ያህል የጠራ አይደለም። የኖርዌይ ፖሊስ በ1987 ባደረገው ምርመራ ከጃፓን በፊት የሌሎች የኮኮም አባል አገሮች ኩባንያዎችም ተመሳሳይ ማሽኖችን ለሶቪየት ሲሸጡ እንደኖሩ ተገልጧል። ከዚህ የሚብሰው የጊዜው ነገር ነው። ምዕራባውያን ቪክተር ሦስት ብለው የሚጠሩት ድምፁ የቀነሰ ባሕር ሰርጓጅ አገልግሎት የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የቶሺባ ማሽኖች ደግሞ ሌኒንግራድ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ባሕር ሰርጓጆቻቸው ከሩቅ እንደሚሰሙ ለሶቪየቶች ካሳወቋቸው ምንጮች አንዱም ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ተያዘበት እስከ 1985 ድረስ የባሕር ኃይሉን ምስጢር ሲሸጥ የኖረው አሜሪካዊው ጆን ዎከር ነበር። ቀዳዳው የተከፈተው በአሜሪካውያኑ በራሳቸው ቤት ነው።

ሆኖም ዋሽንግተን ላይ የምክር ቤት አባላት የቶሺባን ሬዲዮ በአደባባይ በመዶሻ ሰበሩ፤ በ1988ም ኮንግረሱ በሕግ ማዕቀብ ጣለ። ያ ዘመን የአሜሪካ አምራቾች በጃፓን ዕቃ ገበያቸውን የተነጠቁበት ዘመን እንደነበረ አንርሳ። ጉዳቱ በቢሊዮን ዶላር ይቆጠራል ሲባል ስሌቱ የተመሠረተበት መረጃ ምስጢር ስለነበረ ተከሳሹም ሆነ ሕዝቡ ሊመረምረው አልቻለም። ከሳሹ፣ ማስረጃ ጠባቂውና ገማቹ አንድ አካል ሲሆን ፍርዱ ወዴት እንደሚያዘነብል የታወቀ ነው። ዘአራዳ የጠየቁት ቋሚ ወንበር የንግድ ጠብን የአገር ደኅንነት ልብስ የሚያለብስ ወንበር እንዳይሆን እፈራለሁ።

ተመራማሪዋ (ቦስተን)

ወንድሞቼ፣ እስካሁን የተነጋገራችሁት ስለ ብረት ነው፤ እኔ ስለ ሰው ልናገር። በአሜሪካ ሕግ ቁጥጥር የሚደረግበትን የቴክኒክ ዕውቀት እዚያው አሜሪካ ውስጥ ለውጭ ዜጋ ማሳየት ዕውቀቱን ወደ ዜግነቱ አገር እንደ መላክ ይቆጠራል። አረንጓዴ ካርድ ያለው ሰው ከዚህ ነጻ ነው። እኔ ካርዱን ከማግኘቴ በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በስብሰባ መካከል አንድ ንድፍ ስክሪኑ ላይ ሊወጣ ሲል ኃላፊው ስሜን ጠርቶ እንድወጣ ጠየቀኝ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አርባ ደቂቃ ያህል ቆምኩ። የንድፉን ግማሽ የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ደንቡን አልኮንንም፤ በሰው ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል እንድታውቁት ነው።

ከዚህ የባሰውን ፕሮፌሰር ሺ ሺያኦሺንግ አይተዋል። በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበሩት እኚህ ሰው በግንቦት 2015 የታጠቁ የኤፍቢአይ ሰዎች ማለዳ ቤታቸው ገብተው፣ በሚስታቸውና በልጆቻቸው ፊት ካቴና አስገቡባቸው። ክሱ ስሱ የሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ የሚያስተላልፍ ቁስ) ፊልም ለመሥራት የሚያገለግል ማሞቂያ ንድፍ ለቻይና አሳልፈዋል የሚል ነበር። የሙያው ሰዎች ኢሜይሎቹን ሲያነቡ ግን ንድፉ የዚያ ማሞቂያ ሳይሆን የሌላ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ፤ ክሱም በመስከረም ተነሣ። መርማሪዎቹ ከማሰራቸው በፊት አንድ የዘርፉን ሊቅ ቢጠይቁ ኖሮ የአንድ ቤተሰብ ሰላም ባልተናጋ ነበር።

ደግሞ ይህ ስሕተት እንደሚመጣ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። በ1982 ሳንዲዬጎ በተደረገ የኦፕቲክስ ጉባኤ ላይ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ተቃውሞ በማሰማቱ አንድ መቶ ያህል ምስጢር ያልሆኑ ጽሑፎች ከመቅረብ ቀሩ። በዚያው ዓመት በዴል ኮርሰን የተመራው የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ ቡድን ነገሩን መርምሮ፣ ወደ ሶቪየት ከሚፈሰው ዕውቀት በግልጽ ሳይንሳዊ ልውውጥ የሚሄደው ድርሻ ትንሽ መሆኑን አስታወቀ። የሬገን መንግሥትም በ1985 መሠረታዊ ምርምር በተቻለ መጠን ሳይገደብ እንዲቆይ፣ መገደብ ካለበትም በምስጢርነት ተመድቦ እንዲሆን ወሰነ። ያን ድንበር የተከለው ቀዝቃዛውን ጦርነት አጠንክሮ የያዘው መንግሥት ራሱ ነው፤ ዛሬ እያደር ሲሸረሸር ማየት ያሳዝነኛል።

ዘአራዳ

እህቴ፣ ስለ ፕሮፌሰሩ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከመነሻዬ አንድ ነገር አርማለሁ፦ ወንበሩ ለስለላ ሰው ብቻ ከተሰጠ ንድፍ የማያነብ ሰው ስለ ንድፍ ይፈርዳል። ከጎኑ የሙያው ሰው ሊቀመጥና ድምፁም ከእርሱ እኩል ሊሆን ይገባል።

የኦስሎው ወንድሜን ግን በቀላሉ አልለቃቸውም። ቭላዲሚር ቬትሮቭ የተባለ የኬጂቢ መኮንን፣ ቴክኖሎጂ ለመስረቅ በተቋቋመው ዳይሬክቶሬት ቲ ውስጥ እየሠራ ከ1981 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ሰነዶችን ለፈረንሳይ የደኅንነት መሥሪያ ቤት አቀበለ። ፕሬዚዳንት ሚተራን በዚያው ዓመት ሐምሌ ኦታዋ ላይ በተደረገው የመሪዎች ጉባኤ ነገሩን ለሬገን ነገሩ። ከሰነዶቹ የሶቪየት ጦር ኢንዱስትሪ ከምዕራብ የሚፈልጋቸውን ነገሮች በዝርዝር እየመዘገበ፣ በጀት እየመደበ፣ ለየስለላ ቅርንጫፉ እያከፋፈለ ያስፈጽም እንደነበር ታወቀ። ከዚያ በፊት ፈቃድ ሰጪዎች እያንዳንዱን ማመልከቻ ነጥለው ያዩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላው ወገን ምን እንደሚፈልግ ታወቀ። ፈረንሳይ በ1983 አርባ ሰባት የሶቪየት ዲፕሎማቶችንና ሠራተኞችን አባረረች። ሲአይኤም በእነዚያ ዓመታት በቴክኖሎጂ ዝውውር ላይ ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶችን የሚያገናኝ ኮሚቴ አቋቋመ። ይህን ጥቅም ማንም ፈቃድ ሰጪ ከማመልከቻ ወረቀት አያገኘውም።

አንባቢ ከኦስሎ

የቬትሮቭን ጉዳይ ማንሣትዎ መልካም ነው፤ እኔን ግን የሚደግፈኝ ይመስለኛል። በእርሱ ሰነድ የተያዙት ሰላዮች ናቸው፤ ሌባን መያዝ ደግሞ የስለላ ተቋም እውነተኛ ሥራ ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ ሌባው ሳይሆን ስለ ነጋዴውና ስለ ተማሪው ነው። ምንም ባልሰረቀ፣ ገንዘቡን ከፍሎ በሚገዛ ሰው ላይ ምስጢራዊ ማስታወሻ ሲጻፍ መልስ የሚሰጥበት ቦታ የት ነው? የሙያ ሰው አብሮ ይቀመጥ ያሉትን እቀበላለሁ። ይህ ጥያቄ ግን በእርሱ አይዘጋም።

አስመጪው (አዲስ አበባ)

እስካሁን ሳነብ ነበር፤ የመጨረሻው ጥያቄ በእኔ ላይ ስለደረሰ ልግባ። የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫ ሞልድ እንሠራለን፤ የውኃ ጠርሙስ ክዳን፣ የጃሪካን አፍ፣ የወንበር እግር ማለቴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያገለገለ ባለ አምስት አክሲስ ፍሬዛ ከአውሮፓ ለመግዛት ተዋዋልን። ሻጩ የመጨረሻ ተጠቃሚ ማረጋገጫ ላከልን፤ ማሽኑ የሚተከልበትን አድራሻ፣ የምንሠራውን ዕቃ፣ ለሌላ እንደማናስተላልፍ ሞልተን ማኅተም አድርገን መለስን። የወርክሾፑን ወለል በኮንክሪት አጠናክረን፣ የኃይል መስመሩን አስገብተን ጠበቅን። ሰባት ወር ሙሉ መልስ አልመጣም። በመጨረሻ ሻጩ በአንድ መስመር ኢሜይል ፈቃዱ አልተገኘም ብሎ ቀብዱን መለሰልን። ኮንክሪቱ እስከ ዛሬ ባዶውን አለ።

ጋሼ ዘአራዳ፣ እኔ ቁጥጥር አይኑር አልልም። ፍሬዛ ሠሪው ወንድማችን ያስረዱት እውነት ነው፤ የጠርሙስ ክዳን ሞልድ የሚቆርጠው ማሽን ሌላም ነገር ይቆርጣል። ነገር ግን የተከለከልነው በአገራችን ምክንያት ይሁን፣ በስማችን መመሳሰል ይሁን፣ ወይም የሞላነው ቅጽ ጎድሎ ይሁን አናውቅም። ምክንያቱ ቢነገረን እናስተካክለው ነበር፤ መጥታችሁ እዩ ብለን በራችንን እንከፍት ነበር። አይሆንም የሚለው ቃል እንኳ በሁለት ወር ውስጥ ቢደርሰን ወለሉን ሳናፈስ ሌላ ማሽን እንፈልግ ነበር።

ተመራማሪዋ (ቦስተን)

ወንድሜ፣ ያ ባዶ ኮንክሪትና የእኔ ኮሪደር አንድ ናቸው።

ዘአራዳ

ወንድሜ አስመጪው፣ የምንጩን ስም ሳይገልጹ የክልከላውን ዓይነት መንገር ይቻላል፦ በገዢው፣ በዕቃው ወይም በመድረሻው ምክንያት ብሎ ከሦስቱ አንዱን መጻፍ ሰላይ አያጋልጥም። ቀነ ገደብም ማንንም አያጋልጥም። ፍሬዛ ሠሪው ወንድማችን ከጠቀሱት ከቦታው ሲነሣ የሚቆለፍ ማሽን አንዱን ቢያገኙ፣ ይግባኝዎ በእርሱ ላይ ሊመሠረት ይችል ይሆን? ፍሬዛ ሠሪው ይመልሱልን።

ፍሬዛ ሠሪው (ሽቱትጋርት)

ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ ግን ያገለገለ ማሽን ሲሆን መቆለፊያው እንዳለና እንደሚሠራ አምራቹ ራሱ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። አስመጪው ወንድሜ የማሽኑን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት ይንገሩኝ፤ ነገ ጠዋት ወርክሾፕ ስገባ ከመቆጣጠሪያው መመሪያ ላይ አይቼ እጽፍልዎታለሁ።