የተደራረቡ የጌም መስኮቶችን በቁልፍ ለመቆጣጠር፦ ለማልቲቦክሲንግ ተጫዋቾች የቀረበ ጥቆማ

በአንድ ኮምፒውተር ላይ በርካታ አካውንቶችን ከፍቶ የሚጫወት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው ከማሽኑ አቅም ይልቅ በመስኮቶቹ መደራረብ ነው። በአልት-ታብ መፈለግ አያዛልቅም፤ ዝርዝሩ የሚደረደረው መስኮቶቹ በቅርቡ ጥቅም ላይ በዋሉበት ቅደም ተከተል ስለሆነ በየጊዜው ይቀያየራል፣ እጅም ሊለምደው አይችልም። የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱ ቋሚ ቁልፍ እንዲኖረው ነው።

ለዚህ በቅድሚያ የምመክረው ኦቶሆትኪ የተባለውን ነጻ የዊንዶውስ ስክሪፕት (አጭር የትዕዛዝ ጽሑፍ) መጻፊያ መሣሪያ ነው። አዲስ ጀማሪ በቀጥታ በ2.0 ስሪት ይጀምር፤ ይህ ስሪት በዲሴምበር 2022 ሲወጣ የአጻጻፍ ደንቡ ስለተለወጠ፣ ለቀድሞው የተጻፉ አብዛኞቹ ስክሪፕቶች ሳይስተካከሉ አይሠሩበትም። የሚያስፈልጉት ትዕዛዞች ጥቂት ናቸው፦ ዊንአክቲቬት መስኮቱን ወደ ፊት ያመጣል፣ ዊንሙቭ ደግሞ ቦታውንና መጠኑን ይወስናል።

ዋናው ሥራ ስክሪፕቱ አንዱን መስኮት ከሌላው የሚለይበትን መንገድ ማበጀት ነው። ኢቭ ኦንላይን የገጸ ባሕርዩን ስም በመስኮቱ ርዕስ ላይ ስለሚጽፍ ቁልፉን ከስሙ ጋር ማያያዝ በቂ ነው። በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ግን ሁሉም መስኮቶች አንድ ዓይነት ርዕስ ስላላቸው፣ ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ መስኮት የሚሰጠውን መለያ ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል። እኔ የምመርጠው መስኮቱን ከፊት አድርጎ ለምሳሌ ኮንትሮል-ሺፍት-1 ሲጫን ስክሪፕቱ ያንን ቁጥር እንዲመዘግብ፣ ከዚያ በኋላ ኤፍ1 በተጫነ ቁጥር ያው መስኮት እንዲመጣ ማድረግ ነው። ጌሙ ተዘግቶ ሲከፈት ቁጥሩ ስለሚለወጥ ምዝገባው ይደገማል።

ስክሪፕቱ የተበላሸ የሚያስመስሉ ሁለት ነገሮች አሉ። ጌሙ በአስተዳዳሪ መብት ተከፍቶ ስክሪፕቱ በተራ መብት ከተከፈተ፣ ጌሙ ከፊት እስካለ ድረስ ቁልፎቹ ምላሽ አይሰጡም። እንዲሁም ጌሙ ስክሪኑን ለብቻው በሚይዝበት ሁነታ ላይ ከሆነ መስኮት በተቀየረ ቁጥር ራሱን ወደ ታች ስለሚያወርድ፣ በቅንብሩ ውስጥ ጠርዝ የሌለው መስኮት የሚለውን ሁነታ መምረጥ ይገባል።

ስክሪፕት መጻፍ ለማይፈልግ ሰው ፓወርቶይስ በተባለው የማይክሮሶፍት ተጨማሪ መሣሪያዎች ስብስብ ውስጥ ያለው ፋንሲዞንስ በነጻ ይገኛል። ስክሪኑን በክፍሎች ከፍሎ መስኮቶችን ጎን ለጎን ለማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ በተደራረቡት መካከልም በቁልፍ ያፈራርቃል። ሆኖም የትኛው መስኮት የማን እንደሆነ ስለማይለይ ፈጣን ውጊያ ላይ ከኦቶሆትኪ ያንሳል። ኢቭን ብቻ ለሚጫወት ሰው ግን ኢቭ-ኦ ፕሪቪው የተባለውን ፕሮግራም ከሁሉም አስቀድማለሁ፤ የየመስኮቱን ሕያው ምስል በትንሹ እያሳየ በጠቅታ ወይም በቁልፍ ስለሚያሸጋግር፣ ከኋላ ያለው መርከብ ሲመታ ወዲያው ይታያል።

አይኤስቦክሰር የተባለው የማልቲቦክሲንግ ፕሮግራም የሚከፈልበት ነው። ትንሹን መስኮት ከትልቁ ጋር ቦታ በማቀያየር ረገድ እጅግ የተሟላ ቢሆንም፣ አንድን የቁልፍ ምት ለሁሉም መስኮቶች በአንድ ጊዜ የሚያሰራጨው ክፍሉ ለአካውንት አደገኛ ነው። የኢቭ አዘጋጅ የሆነው ሲሲፒ ይህን አሠራር በኢቭ ውስጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ከልክሏል፤ የወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት አዘጋጅ ብሊዛርድም በኖቬምበር 2020 በጌሙ ላይ የማሰራጫ ሶፍትዌሮችን አግዷል። ስለሆነም በኦቶሆትኪም ቢሆን አንድ ምት ከአንድ መስኮት እንዳያልፍ፣ ስክሪፕቱም መስኮት ከመቀየር በቀር በጌሙ ውስጥ ምንም እንዳይሠራ አጥብቄ እመክራለሁ። አንዳንድ የጸረ-ማጭበርበር ሥርዓቶች ኦቶሆትኪ ክፍት መሆኑን ብቻ አይተው ሊያግዱ ስለሚችሉ የየጌሙን ደንብ አስቀድሞ ማንበብ ግድ ነው።

ሊኑክስ ላይ በኤክስ11 (በቀድሞው የመስኮት ማሳያ ሥርዓት) ለሚሠሩ ደብልዩኤምሲቲአርኤል (wmctrl) እና ኤክስዱቱል (xdotool) የተባሉ መሣሪያዎች ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣሉ። በአዲሱ የማሳያ ሥርዓት በዌይላንድ ግን አንድ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት እንደፈለገ ማንቀሳቀስ ስለማይፈቀድለት፣ የዴስክቶፑን የራሱን የመስኮት ደንቦችና ቁልፎች መጠቀም ይሻላል።

ቁልፎቹ ተስተካክለው ሽግግሩ አሁንም የሚንቀራፈፍ ከሆነ፣ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትን በመሳሰሉ ጌሞች ቅንብር ውስጥ ከኋላ ላሉ መስኮቶች የፍሬም (በሰከንድ የሚታዩ ምስሎች ብዛት) ገደብ ማበጀት የግራፊክስ ካርዱን ጫና በእጅጉ ያቃልላል።